ትናንት ቢመጡ ኖሮ

የትም አገር ቢሄዱ «ትናንት ቢመጡ ኖሮ» የሚል አንድ ሰው አያጡም። ዳቦ ቤት ደርሰው ዳቦው ካለቀ፣ ትናንት ተርፎ እንደነበር እሱ ያውቃል። የሰርግዎ ቀን ዝናብ ከጣለ፣ ትናንት ጠራራ ፀሐይ እንደነበር ይመሰክራል። ሁሉም ግን ከእኛ ከፋያል ደሴቱ ከክቡር ሲኞር ኤቫሪስቶ ፊት ቢቀርቡ ገና ተለማማጅ ናቸው።

ሲኞር ኤቫሪስቶ ጡረታ የወጡ የጀልባ መካኒክ ናቸው። መንበራቸው የደሴታችን የሆርታ ወደብ የድንጋይ አጥር ነው። ከባሕሩ ማዶ የፒኮ ተራራ አለ፤ ማለቴ፣ ደመናው ሲፈቅድ አለ። እንግዳ ስንት አገር አቋርጦ ተራራውን ሊያይ ይመጣል፣ ጉም ያገኛል፤ ከጉሙ ፊት ለፊት ደግሞ ሲኞር ኤቫሪስቶን።

«አይይይ!» ይላሉ፣ ለቅሶ እንደ ደረሰ ሰው ኮፍያቸውን አውልቀው። «ትናንት ቢመጡ ኖሮ! እስከ ጫፉ ወለል ብሎ!»

እኔ እንግዶችን በሚኒባስ የማዞር ሰው ነኝ፤ ስንቱን እንዳስከፉብኝ ቤት ይቁጠረው። ዓሣ ነባሪ አይተው እየፈነደቁ የሚመለሱትን እንኳ አይምሩም። «ስንት አያችሁ? ሦስት? ትናንት ሰባት ነበሩ፣ ያውም ከነልጆቻቸው።»

ባለፈው ግንቦት ዶና ፊሎሜና የሚባሉ አሮጊት ለአምስት ቀን መጡ። ሟች ባላቸው በወጣትነታቸው እዚህ ወታደር ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ስለዚህ ተራራ ሲያወሩላቸው ኖረው፣ ሳያሳዩአቸው ሞቱ። ዳግመኛ ለመምጣት ጉልበቱ እንደሌላቸው ዶና ፊሎሜና ራሳቸው ነግረውኛል።

የመጀመሪያው ቀን፣ ጉም። «ትናንት ቢመጡ ኖሮ!» ሁለተኛው ቀን፣ ጉም። «ትናንት ምሳ ላይ ሳሉ ተከፍቶ ነበር እኮ!» በአራተኛው ቀን የሴትዮዋ ትዕግሥት አለቀ።

«ስሙኝ አንቱ ሰውዬ! ትናንት ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተገትሬ ነው የዋልኩት። ምሳዬንም እዚያው ነው የበላሁት!»

«ጨው ሊያነሡ ዞር ሲሉ ይሆናላ።»

«ጨው ሐኪም ከልክሎኛል!» አሉና ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ባሌ ቢጠይቀኝ ምን እለዋለሁ?»

ሲኞር ኤቫሪስቶ ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ዶና ፊሎሜናን አውሮፕላን ማረፊያ አድርሼ ስመለስ፣ ሽማግሌው መንገድ መሀል እጃቸውን እያወናጨፉ ጠበቁኝ።

«ክፈት በሩን!»

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«አዙር ባክህ፣ ወጥቷል!»

ሚኒባሱን አዙሬ በኋላ ማሳያው መስታወት አየሁት፤ ደመናው ለሁለት ተከፍሏል። ሽማግሌው መንገዱን ሁሉ አንገታቸውን አዙረው፣ «ቆይ፣ ትንሽ ብቻ ቆይ» እያሉ ተራራውን ሲለምኑት ነበር። ሴትዮዋን ፍተሻ ሊገቡ ተሰልፈው አገኘናቸው። ሲኞር ኤቫሪስቶ እጃቸውን ይዘው ወደ ውጭ እየጎተቱ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ።

«አሁን!»

ፒኮ ከእግር እስከ ራሱ ቆሟል። ዶና ፊሎሜና አንጋጠው አዩት።

«ልክ እንዳለኝ ነው» አሉ በመጨረሻ።

በማግስቱ ሰማዩ ላይ ብጣሽ ደመና አልነበረም። ከሚኒባሴ የወረዱ ባልና ሚስት ተራራውን እያዩ በደስታ ሲጮሁ፣ ሲኞር ኤቫሪስቶ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«አይይይ! ትናንት ብትመጡ ኖሮ!»

እንግዶቹ ዞረው እኔን አዩኝ።

«እውነታቸውን ነው» አልኩ።