ሰዓት ያሰረው ሙት

ያላያትን ልጅ «ወርቅ ናት» እያለ የሚያጋባ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኔው በልጅ ልጄ በሳባ ላፕቶፕ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ያላየውን ፊልም «ግሩም ነው» እያለ ይመርጥልናል።

«ዓባየይ፣ ይኼን አስፈሪ ፊልም ራሱ መርጦልን ነው እኮ!» አለችኝ። ያን እሑድ እጮኛዋ ሓድነት ቤታችን መጥቶ ነበር። የላካቸውን ሽማግሌዎች እሺ ከማለቴ በፊት የልጁን ወኔ ልየው ብዬ መጋረጃውን ዘጋሁ።

ዋእ! ሙቱ ከመቃብር ሲነሣ እጁ ላይ ሰዓት አስሯል። እስቲ ሙት ምን ቀጠሮ አለበት? ፊቱ ዱቄት፣ ደሙ የቲማቲም ድልህ።

«ይኼ ደም ጨው አንሶታል» ብል፣ ሳባ «ዓባየይ፣ አታሳፍሪኝ!» ብላ ቆነጠጠችኝ። እጮኛዋ ግን ደረቱን ነፍቶ፣ «አደይ፣ እኔ እንኳን ይኼን፣ እውነተኛውንም አልፈራ» አለ።

እንዲህ ካለማ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ፊቴን ዱቄት ተቀባሁ፣ ጋቢዬን ተከናነብኩና ከሶፋው ጀርባ ቀስ ብዬ ብቅ አልኩ። እኔ ሰዓት የለኝም፤ ስለዚህ ጆሮው ሥር ጠጋ ብዬ «ስንት ሰዓት ነው?» አልኩት።

እሪ ብሎ ተነሣ! ላፕቶፑን አቅፎ፣ ሳባን ጥሎ፣ በባዶ እግሩ እስከ አስፋልቱ ሮጠ።

እንግዲህ ላፕቶፑ የመረጠልን ሙት ምንም አላስፈራኝም። ያስፈራኝ ሳባ የመረጠችው ባል ነው።