ሁለቱ ቁልፎችና አንዱ ጭራ

ባለፈው ዓመት፣ ያውም በፍልሰታ ጾም፣ ዕጣ አጭበርብሬአለሁ። ይህን ለንስሐ አባቴ ልናገር ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ኃጢአቱ ከብዶኝ ብቻ አይደለም፤ «ፋንታሲ» የሚለውን ቃል ለእሳቸው እንዴት አድርጌ እንደማስረዳ ጨንቆኝ ነው። ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። እናንተ ቢያንስ ስልክ ትይዛላችሁ።

ሰው የማይጠረጥረው ነገር የለም። ዳኛ ይጠረጥራል፣ ሚዛን ይጠረጥራል፣ አንዳንዱማ የገዛ ጥላውን ይጠረጥራል። ዕጣን ግን ያምናል። በእኛ በመንዝ ሽማግሌ ሦስት ቀን ተቀምጦ ያልፈታውን የወንድማማች ጠብ አንዲት ጠጠር ስትፈታው አይቻለሁ። ቅርጫ ገብታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ በሬው ይታረድና ሥጋው ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይደረደራል፤ ባለድርሻው ሁሉ አንዳንድ ምልክት ያዋጣል፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ የገብስ አገዳ፤ ከዚያ የማን ምን እንደሆነ ያላየ ሰው ይጠራና በየመደቡ ላይ ጣል ጣል ያደርጋል። አለቀ። ሻኛ የደረሰው ይስቃል፣ ጨጓራ የበዛበት ዝም ይላል፣ ዕጣ ጣዩን ግን የሚጠይቀው የለም። ዕጣ ጣይ እጅ እንጂ ልብ የለውም ተብሎ ይታመናላ።

እኔ ልብ ነበረኝ።

ወደ ኳሱ ልምጣ። በከተማችን በዘመሮ ስምንት ሰዎች ያሉበት የፋንታሲ ማኅበር አለ። ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ አባል ከእንግሊዝ ተጫዋቾች መርጦ የራሱን ቡድን ያዋቅራል፤ በየሳምንቱ እነዚያ ሰዎች በሀገራቸው ጎል ሲያገቡ ነጥቡ እዚህ ለመረጣቸው ሰው ይቆጠራል። ተጫዋቹ ዘመሮ የምትባል ከተማ መኖሯን አያውቅም። ዘመሮ ግን ጉንፋን እንደያዘው ታውቃለች።

በስልክ ብቻቸውን የሚጫወቱት አንዱን ጎበዝ አጥቂ ሁሉም ሊይዙት ይችላሉ አሉ። የእኛዎቹን ይህ አልዋጠላቸውም። «አንድ ሻኛ ለስምንት ሰው እንዴት ይደርሳል?» ብለው፣ አንድ ተጫዋች ለአንድ ሰው ብቻ እንዲሆን በደብተር ደነገጉ። ማን ቀድሞ እንደሚመርጥ የሚወስነው ዕጣ ነው። ምርጫውንም «ቅርጫ» ይሉታል፤ ሁሉም የሚመኘውን አጥቂ ደግሞ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፣ «ሻኛው» ነው የሚባለው። ደንቡን የጻፉት ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ ከስምንቱ አምስቱን ያስተማሩ። አንዱን ሕግ ብቻ ያወጣው ሽፈራው ነው። ሽፈራው ሚስማርና ጓጉንቸር ይሸጣል፤ ወገቡ ላይ የሚንጠለጠለው የቁልፍ ዘለላ ከእሱ ቀድሞ ይሰማል። ያወጣው ሕግ አጭር ነበር፤ መጨረሻ የወጣ ሰው እስከሚቀጥለው ዓመት ስሙ «ጭራ» ይሆናል።

እኔ ዕጣ በጣልኩ ጊዜ ጭራው ባለቤቴ ደጀኔ ነበር።

ሥራው በግ መከተብ ነው። ጭራ የሚለው ስም በግ በሚውልበት ቦታ እንዴት እንደሚጣበቅ አስቡት። ከገጠር በጎቹን እየነዳ የመጣ ገበሬ ሳይቀር፣ በክፋት ሳይሆን በየዋህነት፣ «አቶ ጭራ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?» ብሎ ይጠይቀው ጀመር። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፈገግ አለ። ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ቤት መሄዱን ትቶ የበግ ጠጉር ባናውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት አመጣ።

«ዘንድሮም ከደገመኝ አስካለ፣ ከማኅበሩ እወጣለሁ» አለኝ አንድ ቀን።

ደጀኔ ከእነዚያ ሰዎች ሌላ ጓደኛ የለውም። ከማኅበሩ ቢወጣ ከሰው እንደወጣ ነው። እኔም ብሆን ገበያ ስወጣ «የጭራ ሚስት» መባሉ አልተመቸኝም፤ ይህን ብደብቃችሁ ኑዛዜዬ ጎዶሎ ይሆናል።

ታዲያ ዕጣ ጣይ ሲፈልጉ እኔን መረጡ። «አስካለ ኳስ አታውቅም፤ የማያውቅ ሰው አያዳላም» አለ ሽፈራው። ኳስ እንደማላውቅ ልክ ነበር። ባሌን ግን አውቃለሁ።

የዕጣው ዕለት ጠዋት ደጀኔ ካፖርቱን ሲለብስ፣ እንደ ዋዛ አድርጌ «ዕጣህን ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«ቁልፍ» አለና ወጣ።

የካፖርቱ ሦስተኛ ቁልፍ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ነበር። ዛሬ እሰፋዋለሁ፣ ነገ እሰፋዋለሁ ስል የከረምኩት እኔ ነኝ።

ኳስ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጉሙ ተኝቷል፤ ቆርቆሮውን ዝናብ ይደበድበዋል። እኔ ውጭ ቆሜ እነሱ ምልክታቸውን ባንድ ቆብ ውስጥ ሲያጠራቅሙ፣ አንዱ «በፍልሰታ ቅርጫ መግባት ይፈቀዳል እንዴ?» ሲልና ጋሽ ወርቁ «ይኼኛው ሥጋ የለበትም» ብለው ሲመልሱለት ይሰማኛል። ጠሩኝ። አግዳሚው ላይ ከአንድ እስከ ስምንት የተጻፈባቸው ወረቀቶች ተደርድረዋል። ቆቡ ውስጥ አየሁ፤ ጠጠር፣ ባቄላ፣ የክብሪት እንጨት፣ ቆርኪ፣ የእስክርቢቶ ክዳን፣ የበግ ጠጉር። ከነዚህ ጋር አንድ ጥቁር የካፖርት ቁልፍ። እና አንድ አዲስ የጓጉንቸር ቁልፍ።

የካፖርቷን ሳያት የደጀኔ ናት አልኩ። አንደኛው ወረቀት ላይ አስቀመጥኳት። የጓጉንቸሩን ሳየው ደግሞ ከሽፈራው ወገብ ሌላ የመጣበት አልታየኝም፤ ስም ሲወጣብህ ምን እንደሚመስል እስቲ ቅመሰው ብዬ ስምንተኛው ላይ ጣልኩት። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ እኔ ለራሴ አሳድጌ መቁረሴ ሳያንስ የሌላውንም ቀነስኩ። የቀሩትን ስድስቱን ዓይኔን ጨፍኜ፣ በንጹሕ ኅሊና ደለደልኩ።

«አንድ ቁጥር፣ የማን ናት?» አለ ሽፈራው የካፖርቷን ቁልፍ አንስቶ።

«የኔ ናት» አሉ ጋሽ ወርቁ።

ጋሽ ወርቁ ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት አልፏል፤ ቁልፍ ቢወልቅባቸው የሚሰፋላቸው ሰው የለም፤ ኪሳቸው ውስጥ ይዘዋት ከርመዋል። ባቄላው የሽፈራው ሆነና ሦስተኛ ወጣ። ስምንተኛው ሲደርስ ደጀኔ ቀስ ብሎ እጁን ዘረጋ። ቁልፉ በዚያው ሳምንት ከሽፈራው ሱቅ ለበጎቻችን ጋጣ የገዛው የጓጉንቸር ቁልፍ ነበር።

አማርኛ ለሁለቱም አንድ ስም መስጠቱን እስከዚያ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

«ጭራ ከጭራ ጀመረ» አለ ሽፈራው። ሁሉም ሳቁ። ደጀኔ አልሳቀም። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው የሚባለውን እየሰማሁ አድጌ፣ የገዛ ባሌን በገዛ እጄ ከተትኩት።

ያላወቅሁት ሌላም ነገር ነበር። በጋሽ ወርቁ ደንብ ምርጫው የሚሄደው እንደ እርሻ ነው፤ ትልሙን የጨረሰ በሬ ወደ መነሻው ተመልሶ አይጀምርም፣ እዚያው ዞሮ ይመለሳል። ስለዚህ ስምንተኛው በተከታታይ ሁለት ይመርጣል። ጋሽ ወርቁ እንደተጠበቀው ሻኛውን ወሰዱ። ደጀኔ አንድ በረኛና አንድ ማንም ስሙን ያልሰማውን ተከላካይ አነሳ፤ ያን ዕለት ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፣ ጥርጣሬ ኖሮት ሳይሆን ከፍቶት።

ጥቅምት ላይ የሻኛው ጉልበት ተሰበረ። የዓመቱ ኳስ አበቃለት ተባለ። ደንቡ የተጎዳን ተጫዋች ጥሎ ሌላ ማንሳት ይፈቅዳል፤ ሽፈራው ራሱ «ጋሼ፣ ይቀይሩት እንጂ» ብሎ ለመናቸው።

«የታመመ ጥሎ መሄድ አልለመድኩም» አሉ።

ከዚያ በኋላ የደገመላቸው ሰው የለም። ባለቤታቸውን ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ያስታመሙት እሳቸው መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ሻኛው ቡድናቸው ውስጥ እንደተኛ በጋው አለፈ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አያቸዋለሁ፤ ካፖርታቸው በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ይሄም ቁልፍ ነው እንግዲህ። ያቺን መርፌ ባየሁ ቁጥር እኔን የምትወጋኝ ይመስለኛል።

ግንቦት ላይ ነጥቡ ተደመረ። ደጀኔ አራተኛ ወጣ፤ ያ ማንም ስሙን ያልሰማው ተከላካይ ጎል የሚያገባ ሆኖ ተገኘ። ጋሽ ወርቁ ስምንተኛ ወጡ። እኔ፣ ታማኝ ተብዬ፣ ደብተሩን ይዤ ተቀምጫለሁ። ሽፈራው ስሙን ማወጅ ነበረበት። ማንን? የገዛ መምህሩን፣ ሐዘን ያልወጣላቸውን ሰው። ወገቡ ላይ ያሉትን ቁልፎች መቁጠር ጀመረ።

«ምነው ሽፈራው፣ ስም ጠፋህ?» አሉት።

«ኧረ ጋሼ፣ ሕጉ ለእርስዎ አይሆንም።»

«ማባዛት ሳስተምርህ ሕግ ለሁሉም አንድ ነው አላልኩህም? ጥራኝ በል።»

«ጋሼ... ጋሼ ጭራ» አለ፣ ላብ እያጠመቀው።

ጋሽ ወርቁ እጃቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱና ነጭ የፈረስ ጭራ መዘው አወጡ፤ ሽማግሌ ዝንብ የሚያባርርበት፣ እጀታው በቆዳ የተለበጠ። ሁለት ጊዜ ግራና ቀኝ ወዘወዙት። «አቤት» አሉ። «ዓመት ሙሉ ስሜ 'ምስኪን' ነበር። ያየኝ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጭራ ይሻለኛል፤ ለጭራ ማንም ድምፁን ዝቅ አያደርግም።»

መጀመሪያ የሳቀው ደጀኔ ነበር። ቤቱ ሁሉ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ «ጋሼ ጭራ፣ እንደምን ዋሉ?» የማይላቸው የለም፤ እሳቸውም ጭራቸውን አንስተው ይመልሳሉ።

በማግስቱ መርፌና ክር ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ቁልፏን እየሰፋሁ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ያጥቂውን ጉልበት የሰበርሽው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም ጋሼ።»

«እንግዲያው ክሩን አጥብቂው። ለማኅበሩ ግን አንቺው ንገሪ።»

በጣም ቀለለኝ። እያነባሁም እየሳቅሁም ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

አልነገርኩም ግን። ምክንያቱን ስሙኝ። ያን የነሐሴ ዕጣ ያዩ ሁሉ «አስካለ የገዛ ባሏን እንኳ ስምንተኛ ላይ ጣለች፤ እንዲህ ያለ ፍርድ የት ይገኛል?» እያሉ ስሜን በሀገሩ አዳረሱት። ለፋሲካ ቅርጫ ሦስት ቦታ ዕጣ ጥያለሁ። አንድ ውርስ የሚካፈሉ እህትና ወንድም ከራቤል ድረስ ልከውብኛል። ትናንት ደግሞ ሽፈራው በራችን ላይ ቆሞ፣ ቁልፎቹን እያንሿሿ፣ «ዘንድሮም አንቺ ነሽ፤ ካንቺ ሌላ አናምንም» አለኝ። ደጀኔ ከጎኔ ቆሞ በኩራት ተመለከተኝ። ያን አስተያየት ነው ያልቻልኩት።

ደጀኔ፣ ይህን ስታነብ የበጉን ጋጣ ቆልፈህ ና፤ እናወራለን። ሽፈራው፣ ዘንድሮ ሌላ ሰው ፈልግ። እናንተም አንባቢዎቼ፣ በቅን ልብ የሚጣለውን ዕጣ አቆሽሼዋለሁና ይቅር በሉኝ።