ልጄን በሹራብ ላስመዝን የሄድኩ ዕለት

ስሙኝማ! ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ በዚህ ሙቀት፣ ልጇን የሱፍ ሹራብ አልብሳ ጤና ጣቢያ የሄደች እብድ አለች የሚል ወሬ ከደረሳችሁ፣ እብዷ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዳትጠረጥሩ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገብቷል። ቢያንስ እናንተ ከራሴ አፍ ስሙት ብዬ ነው።

አዎ፣ የሱፍ ሹራብ። ወፍራም። ኮፍያ ያለው!

ለአዲስ ፎሎወሮች፦ ልጄ ሶሊያና ትባላለች፣ እኛ ሶሊ እንላታለን። ሁለት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት፤ የምትመስለው ግን ገና አንድ ዓመት የሞላት ነው። ባጃጅ ውስጥ በገባሁ ቁጥር ሾፌሩ "ስንት ወሯ ነው?" ይለኛል። ወሯ! ዓመቷን የጠየቀኝ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ሐኪሙ የላም ወተት አንጀቷ አይቀበለውም ብሎናል። ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እርጎ፣ ወተት የነካው ነገር ሁሉ ለጊዜው ይቁም አለ። ስትወስድ ሆዷ ይነፋል፣ ያስቀምጣታል፣ የበላችው ሳይጠቅማት ይወጣል። ታዲያ በምን ትደግ?

እኔ ደግሞ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ሰሌዳ ላይ አንጀት ስሥል ተማሪዎቼ አፋቸውን ይከፍታሉ። ስለዚህ ይሄ ጉዳይ በእኔ ቁጥጥር ሥር ነው ብዬ አምን ነበር።

ነበር!

በሁዳዴ የለጠፍኩትን ፎቶ ታስታውሳላችሁ? ሶሊ ባሮ ዳር ቆማ፣ ጉንጯ ሞልቶ ስትስቅ? ከሥሩ "ዲሲፕሊን ያለው ዳይት ውጤቱ ይሄ ነው!" ብዬ ጽፌ፣ እናንተም ላይክ አዝንባችሁብኝ ነበር። እናቶች በውስጥ መስመር ምክር ጠይቃችሁኝ ነበር። እኔም መክሬ ነበር! ይቅር በሉኝ።

ፋሲካ አለፈ። ጉንጩም አብሮ አለፈ።

ሆዷ ተነፋ፣ ዳይፐሩ... ይቅር፣ ምግብ እየበላ የሚያነብ አይጠፋም። ገላዋን ሳጥባት የጎድን አጥንቶቿ አንድ በአንድ ለእጄ ይሰሙኛል። ፊቷን በፎጣ ሸፍኜ "ኩኩሉ" እያልኩ የማለቅስበት ቀን አለ። ይሄኛውን በቀልድ አልናገረውም።

በዚህ መሃል አማቴ እማማ አስካለ ከደብረ ታቦር መጡ። ሶሊን አቅፈው ከፍ ዝቅ አደረጓትና ባለቤቴን ሰለሞንን አዩት። እኔን አላዩኝም። አለማየታቸው ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ።

"አየሩ ነው" አሉ። "በዚህ ቃጠሎ እንኳን ልጅ ብረትም ይከሳል። ለሚዛን ስትሄድ ካልጨመረች ቅዳሜ ይዣት ደጋ እወጣለሁ። እኔ ጋ ትደግ።"

ሰለሞንን አየሁት። ሰለሞን ጣሪያውን አየ። "እስኪ ሚዛኑን እንይ" አለ። በሁለት ሴት መሃል የተቀመጠ ወንድ ሚዛን ይወዳል።

ስለዚህ የዛሬው ሚዛን ልጄ ከእኔ ጋር ትኑር አትኑር የሚወሰንበት ሆኖ አረፈው።

አሁን ወደ ተጠርጣሪዬ ልውሰዳችሁ። እኔ መቼም ቤቴን አውቀዋለሁ። ሶሊ ወተት የምታገኝ ከሆነ የምታገኘው ከቤት ውጭ ነው። ጎረቤቴ ደግሞ ኛማል ናት። ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ የባሰ ሕጋዊ ነው። ዘመዶቿ ከኢታንግ ሲመጡ ወተት ሳይዙ አይመጡም። ቤቷ ወተት አይጠፋም፣ የራሷ ልጅ ጉንጩ ከትከሻው ጋር ተገናኝቷል፣ ሶሊ ደግሞ በአጥራችን መሃል ባለችው መሹለኪያ ሾልካ እዚያ ነበር የምትውለው።

ሌላ ማስረጃ ምን ያስፈልጋል?

ከፋሲካ በኋላ መሹለኪያዋን በቆርቆሮ መታሁባት። ኛማል "ምነው ቲቸር?" ስትለኝ "ውሻ እየገባ አስቸገረን" አልኳት።

ውሻ አልኩ! ሶሊ ቆርቆሮው ሥር ቁጭ ብላ ስታለቅስ ሰምቼ እንኳ አልነቀልኩትም።

እንግዲህ ዛሬ። ጠዋት ሶሊን ገንፎ አበላኋት። ውኃ አጠጣኋት። ቦቲ ጫማ አደረግኩላት። ሹራቡን ግን እኔ አላለበስኳትም! እሱን የሚያለብሷት አማቴ ናቸው፤ ያመጡላት ስጦታ ነው፣ በየማለዳው "የጠዋት ብርድ አይምታት" እያሉ ያለብሷታል። የጋምቤላ የጠዋት ብርድ! ፀሐይ ከፍ ስትል እኔ አወልቅላታለሁ።

ዛሬ አላወለቅኩም። ጥፋቴ ይሄ ብቻ ነው። ጤና ጣቢያው ሰው ሲበዛበት ልጆቹን ከነልብሳቸው እንደሚመዝን አውቅ ነበርና።

ሳነሳት ከበደችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ገንፎው ነው አልኩ።

ባጃጅ ውስጥ ሾፌሩ በመስታወት አየንና "አሟታል እንዴ?" አለ። "ብርድ ብርድ ብሏት ነው" አልኩ። እሱ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። አማቴ ከጎኔ በነጠላቸው እያራገቡ "ልጅቷን ግን አላበዛሽባትም?" አሉኝ። እሳቸው!

ጤና ጣቢያው ሞልቷል። እሰይ! ከኋላዬ ማን ቢሰለፍ ጥሩ ነው? ኛማል። ልጇን ልታስከትብ መጥታ። ሶሊ እንዳየቻት ሁለት እጇን ዘረጋችላት። እኔ ሶሊን ወደ ሌላኛው ትከሻዬ አዞርኳት።

ተራችን ደረሰ። መዛኟ ሲስተር አሪየት ናት፤ የዚሁ ከተማ ልጅ፣ ቀልድ የማትወድ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሹራብ ነው።"

"ሹራብ መሆኑን አየሁ። ልጅቷ ላይ ምን ይሠራል?"

ሰልፉ ሳቀ። አንድ አባት ልጁን አንሥቶ አሳየው።

ሲስተር አሪየት ቀጠለች። "ወተት ትወስዳለች?"

"በጭራሽ!" አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አማቴም ሰልፉም እንዲሰሙ። "በእኔ ቤት ወተት አይታሰብም። ጎረቤት ደብቆ ካልሰጣት በቀር!"

ከኋላዬ የፍርድ ቤት ድምፅ መጣ።

"የትኛው ጎረቤት?"

እናንተዬ፣ አልዞርኩም። በአንድ በኩል ብቻ ነው ጎረቤት ያለኝ፤ በሌላው በኩል መንገድ ነው። መንገድ ወተት አይሰጥም።

ሲስተር አሪየት ሳትጠብቅ ሹራቡን በሶሊ ራስ በኩል መዥርጣ አወጣችው። ሹራቡ ተገለበጠ። ከግራ ኪሱ አንድ ነገር ዱብ አለ።

በፌስታል የተጠቀለለ ጭብጦ! በሶ፣ በንጥር ቅቤ ጥሩ ተደርጎ የታሸ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ያ ቅቤ ከደብረ ታቦር መምጣቱን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሁላችንም እማማ አስካለን አየን።

"ለመንገድ ብዬ ነው" አሉ።

"የት ልትሄድ እማማ?" አለች ሲስተር አሪየት።

"ወተት አይደለም እኮ! ወተትማ አይሰጣት ተብሏል፣ ሰምቻለሁ። ይሄ ቅቤ ነው። ቅቤ መድኃኒት ነው!"

ሲስተር ሹራቡን ደግማ አራገፈችው። ከቀኝ ኪሱ የተገመጠ የወተት ክሬም ብስኩት ወጣ። ይሄን ብስኩት በቤታችን የሚገዛ አንድ ሰው ብቻ ነው። ደወልኩለት። ሳልናገር "ስብሰባ ላይ ነኝ" አለ። በደመ ነፍሱ አውቋል።

ተመልከቱ እንግዲህ። ክብደት ላጭበረብርበት ያመጣሁት ሹራብ የቤተሰቡን ስንቅ ተሸክሞ ዞሯል። ሳነሳት የከበደኝ ገንፎው አልነበረም!

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ግማሽ ክብሬ ይተርፍ ነበር።

እኔ ግን መምህርት ነኝ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ስለ ትንሹ አንጀት ጀመርኩ። ቅቤ ከምን እንደሚወጣ፣ ትንሽ የምትባል ወተት እንኳ ምን እንደምታደርግ፣ ፍቅር ማለት ማጉረስ ብቻ እንዳልሆነ፣ እናት ብቻዋን ስትጠነቀቅ ዋጋ እንደሌለው ለመላው ሰልፍ አስረዳሁ። አማቴ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እውነቱን ልናገር? ደስ ብሎኛል። ቅዳሜ ልጄን ማንም አይወስድም ብዬ ልቤ እየዘለለ ነበር።

በዚያች ደቂቃ ከማዶ ካፌ አስተናጋጇ ለጤና ጣቢያው መዝጋቢ ማኪያቶ ይዛ ገባች።

ሶሊ ማኪያቶውን አየች።

ከዚያ ወደ መዝጋቢው አልዞረችም። ወደ አስተናጋጇም አልዞረችም። ወደ እኔ ዞረች። አፏን እንደ ወፍ ጫጩት በሰፊው ከፈተች። ከፍታም ጠበቀች።

አልመጣ ሲላት የላይኛውን ከንፈሯን ላሰች። አረፋ የሚላስበትን ቦታ። ከዚያ ቦርሳዬን ጎትታ "ማንካ!" አለች። ማንኪያ ማለቷ ነው።

ሲስተር አሪየት ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። "ይቺ ልጅ ማኪያቶ ታውቃለች?"

አስተናጋጇ ሳትጠየቅ መለሰች። "ቲቸር ከሥራ ስትወጣ ልጇን ይዛ እኛ ጋ ትቀመጣለች። አረፋውን ሁሌ ለሷ ነው የምትሰጣት። ታሳዝናለች፣ ትወዳለች።"

ሰልፉ በሙሉ አንገቱን ወደ እኔ አሰገገ።

"ምስክሯ ቃሏን ሰጥታለች" አለች ኛማል።

እመኑኝ፣ አረፋ ወተት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር! አንዲት ማንኪያ አረፋ! አየር አይደለም እንዴ? ባዮሎጂ በዲግሪ የተማርኩ ሴት አረፋ አየር ነው ብዬ ልጄን በየቀኑ ወተት ሳጎርስ ከርሜያለሁ።

ከዚያ ደግሞ ሁዳዴ ትዝ አለኝ። ያ ፎቶ፣ ያ ጉንጭ፣ ያ ዲሲፕሊን ያለው ዳይት!

በጾሙ እኔ የምጠጣው ጥቁር ቡና ነው። ሰለሞንም ይጾማል፣ በጾም ያን ብስኩት አይገዛም። አማቴ ገና አልመጡም። ኛማል ግን ጴንጤ ናት፤ በቤቷ ወተቱ በሁዳዴም እንደ ወትሮው ነበር፣ ሶሊም በመሹለኪያዋ እየሾለከች እዚያ ነበር የምትውለው። ልጄ የወፈረችው ያኔ ነው! እዚያ ወተት ይሰጧት ቢሆን ያኔም ትከሳ ነበር።

የጾምኩት እኔ፣ የወፈረችው እሷ። ፋሲካ ሲሆን ሁላችን ፈሰክን፣ እሷ ከሳች። ይሄን ሁሉ ጊዜ ሳይንስ መስሎኝ የለጠፍኩላችሁ ነገር የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ነው።

አሁን ዞርኩ። ወደ ኛማል። መሬት መሬት እያየሁ "አንቺ ጋ ምን ነበር የምትበላው?" አልኳት።

"ዓሣ" አለች። "ዓሣና የበቆሎ ገንፎ። ወተት አይሰጣት ብለሻል። አንቺ ካልሽ አይሰጥም። እሷ ስትመጣ የወተቱን ዕቃ ወደ ላይ እሰቅለዋለሁ። የራሴን ልጅ እንኳ እሷ ፊት አላጠጣም፣ እንዳያምራት።"

ልጇን በክንዷ አስተካከለችና "በሌለሁበት ፈርደሽብኛል ቲቸር" አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሶሊ ያለ ሹራብ ተመዘነች። አልጨመረችም። እንዲያውም ትንሽ ጎድላለች። ሲስተር አሪየት ክንዷን ለካች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ አንድ ወር ከወተት ዘር ምንም እንዳታዩ፣ የቤቱ ሰው በሙሉ፣ አለችን። "በሙሉ" ስትል እኔን እያየች ነው።

አማቴ አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። "እኔ ነኝ ያከሳኋት?" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ሦስታችንም ነን እማማ" አልኳቸው። ከጎናቸው ተቀምጬ አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ። ስለ ቅዳሜ ማንም አላነሣም።

ከዚያ እንባቸውን ጠርገው አዲስ ጭንቀት አመጡ። "ወተትና ቅቤ ከተወን እኮ ጾም ነው! በበዓለ ሃምሳ ይጾማል እንዴ? ንስሐ አባቴ ምን ይሉኛል?"

"ጾም አይደለም እማማ፣ የሶሊ ሕግ ነው" አልኩ።

አሰቡበት። "እንግዲያ እኔም ቆይቼ አስከብረዋለሁ" አሉ። ወሩን ሙሉ! ቤቴ ውስጥ! ልጄን ላለመስጠት ታግዬ አያቷን ጨምሬ ተረከብኩ።

ቤት እንደገባሁ መዶሻ ይዤ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ሚስማሩ አልወጣ አለኝ፤ ሲዘጋ እንዴት በእልህ እንደመታሁት! ከወዲያ በኩል የሚገፋ እጅ ተሰማኝ። እኔ ጎተትኩ፣ ኛማል ገፋች፣ ቆርቆሮው ወደቀ።

ይቅርታ ለማለት ብዙ አዘጋጅቼ ነበር። "ኛማል፣ እኔ እኮ..." ስል ሶሊ በእግራችን መሃል ሾልካ አለፈች። ማናችንንም ዞራ አላየችንም። ቀጥ ብላ ሄዳ የኛማል በረንዳ ላይ ቁጭ አለችና አፏን ከፈተች።

"ውሻው ገባ" አለች ኛማል።

ይገባኛል። ዓሣውን ከእሾህ እየለየች አጎረሰቻት፤ እኔ በእጄ መዶሻ ይዤ እዚያው ቆሜ አየሁ። ሶሊ ጨርሳ "ደሞ" አለች። ይሄን ቃል ከፋሲካ ወዲህ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም።

እንግዲህ ዳይት ላስተማርኳችሁ ሁሉ፦ ምክሬን መልሱልኝ። ጎረቤት ከመጠርጠራችሁ በፊት የራሳችሁ ማንኪያ የት የት እንደሚደርስ እዩ። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ጥቁር ቡና ነኝ።

ሹራቡን የሚፈልግ ደገኛ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ኪሱ ባዶ ነው። ፈትሼዋለሁ!