አጎቴን ዝም ያሰኘው ካቶሊክ

መጽሐፍ ሳይገልጡ የጸሐፊውን ሃይማኖት የሚጠይቁ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ አንድ አሉኝ፤ አጎቴ ጋሼ ሞላ። እዚህ እስራኤል አገር፣ ከሀደራ ምዕራብ ባቡር ጣቢያ የነጻ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ፣ ወደ ዕብራይስጥ የተተረጎመ የአንድ ቀልደኛ ካቶሊክ ጸሐፊ መጽሐፍ አግኝቼ ይዤላቸው ሄድኩ።

«ካቶሊክ ነው? እንግዲያው እቤቴ አይገባም!» አሉ።

ምን ላድርግ? ናሓል ሀደራ ፓርክ ወስጄ ባሕር ዛፍ ሥር አስቀመጥኳቸውና እያነበብኩ በአማርኛ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ፊታቸውን አዙረው ሰሙ፤ ከዚያ ወፎቹ ከዛፉ እስኪበሩ ድረስ ሳቁ። ክርክር ማሸነፍ የሚወድ ሰው በመጨረሻ የሚከራከረው ሰው ያጣል የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ግን ዝም አሉ። ምኩራብ ውስጥ ስለ መቀመጫ ተከራክረው ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ከተኳረፉ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል።

«ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሞተው?»

«እርስዎ ሳይወለዱ ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እኔን በምን አወቀኝ?»

ስልካቸውን አውጥተው ወንድማቸው ጋ ደወሉ። «እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር» አሉ።

ወንድማቸው ከወዲያ በኩል «የለም፣ ጥፋቱስ የእኔ ነው» ሲሉ ይሰማኛል።

ጋሼ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«የእኔ ነው አልኩህ! አትከራከረኝ!»