ሊቀ አንፍ ስጦታው በሞጣ ተኝተው ድል የነሡበት ዜና

ሊቀ አንፍ ስጦታው በቢቸና ቅቤ ተራ በተሾሙ በዐሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ አፍንጫቸው በተዘጋ በስምንተኛው ወር፣ በዐቢይ ጾም አራተኛ ሳምንት፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ የአፍንጫቸውን ውስጥ ፎቶ በሲቲ ስካን ለማስነሣት ወደ ሞጣ ዘመቱ። ዘመቻው እንዴት እንደ ተጀመረና እንዴት እንደ ተፈጸመ፣ ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት እነሆ ተጻፈ።

አንፍ በግእዝ አፍንጫ ማለት ነው፤ ሹመቱንም የሰጣቸው ገበያው እንጂ መንግሥት አይደለም። ቅቤ ሻጭና ቅቤ ገዢ ሲጣሉ በቅጠል የተጠቀለለው ቅቤ ወደ እርሳቸው ይቀርባል፤ እርሳቸውም ዐይናቸውን ጨፍነው አንድ ጊዜ ይስቡና ወይ "ንጹሕ ነው" ወይ "ሞራ አለበት" ብለው ይፈርዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የለም። እንዲህ ሆነው ዐሥራ ስምንት ዓመት በሰላም ዳኙ። ባለፈው ሐምሌ የያዛቸው ጉንፋን ግን አልለቅ ብሎ፣ ግንባራቸው ከበደ፣ ጉንጫቸው ተወጠረ፣ አፍንጫቸውም ተደፈነ፤ ሽታ የሚባል ነገር ከቤታቸው ወጥቶ ሄደ።

ይህን ለማንም አልነገሩም። ቅቤ ሲቀርብላቸው እንደ ወትሮው ዐይናቸውን ጨፍነው ይስባሉ፤ ምንም አይሸታቸውም፤ በአንድ ዐይናቸው የሻጩን ፊት ሰርቀው አይተው ይፈርዳሉ። በጥር ወርም ሞራ የተቀላቀለበትን ቅቤ "ንጹሕ ነው" ብለው ለሞጣው ነጋዴ ለሙሐመድያሲን አሳለፉ። ሙሐመድያሲን ቤቱ ደርሶ ነገሩን ቢያውቅም፣ የቆየ ወዳጁን በገበያ ላለማዋረድ ቅቤውን ለሳሙና ሠሪዎች ሰጥቶ ዝም አለ። ሊቀ አንፍ ስጦታው ይህን ከአንድ ሹፌር ሲሰሙ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልዋጥ አላቸው። የገበያው ሽማግሌዎችም ነገሩን ጠርጥረው ኖሮ እንዲህ ሲሉ ዐዋጅ አስነገሩ፦ "እስከ ሆሳዕና ዋዜማ ድረስ አፍንጫቸው ካልተመለሰ፣ ለፋሲካ ቅቤ ሌላ ሰው ይቀመጣል።"

የአንገት በላይ ሐኪሙ ግን አስቀድሞ አፍንጫቸውን በጨው ውኃ እንዲያጥቡና የሚነፋ መድኃኒት እንዲወስዱ አዝዟቸው ነበርና፣ ስድስት ሳምንት ታገሡ፤ አልተከፈተም። ያን ጊዜ ሐኪሙ ወደ ፎቶው ላካቸው፣ እንዲህም ሲል አስጠነቀቃቸው፦ "ፎቶው ካርታ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። አዲስ ጉንፋን ከያዘዎት ግን ይቆዩ፤ የሰሞኑ እብጠት ካርታውን ያበላሸዋል።"

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ጉንፋን እንዳይዛቸው ሳምንቱን በጋቢ ተጠቅልለው ከርመው ተነሡ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የማይከፈት አገልግል ይዘው፤ የንስሐ አባታቸው አባ ገብረ ማርያም፣ ጥላና መስቀል ይዘው፤ ጎረቤታቸው ባለባጃጁ ሐብታሙ፣ ዕውቀቱን ይዞ። ሐብታሙ አንድ ጊዜ ክንዱ ተሰብሮ ራጅ ተነሥቶ ያውቃልና፣ በሚኒባሱ መንገድ ሁሉ መሣሪያው ሰውን እንደ ጉድጓድ ሙሉውን እንደሚውጥ፣ ውስጡም እንደሚጨልም ሲናገር ዋለ። ሊቀ አንፍም ጉንደ ወይንን ሲያልፉ ላብ አጠመቃቸው።

ሞጣ ሲደርሱ ሙሐመድያሲን ከመናኸሪያው ተቀብሎ ወደ ፎቶ ቤቱ አደረሳቸው፤ ስለ ቅቤው አንድ ቃል አልተነፈሰም። በዚያም ጸደንያ የምትባል የራጅ ባለሙያ ወጥታ ዐዋጅ ነገረች፦ "ጋሼ፣ መርፌ የለውም፣ አያምም፣ ለዚህኛው መጾምም አያስፈልግም።" መጾም አያስፈልግም የሚል ዐዋጅ በዐቢይ ጾም መሰማቱን አባ ገብረ ማርያም አልወደዱትም፤ ወይዘሮ ፈንታነሽም አገልግሉን ወደ ብብታቸው አስጠጉ። ጸደንያ ግን ቀጠለች፤ መነጽር ይውለቅ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይውጣ፣ ከአንገት በላይ ያለ ብረት ሁሉ ይነሣ አለች። ወይዘሮ ፈንታነሽ ገብቼ እግራቸውን ልያዝ ቢሉ፣ ጨረር ባለበት አስታማሚ እንዲሁ እንደማይገባ፣ ይልቁንም ነፍሰ ጡር ሴት አስቀድማ መናገር እንዳለባት ነገረቻቸውና ነፍሰ ጡር መሆናቸውን ጠየቀቻቸው። አምስት የልጅ ልጅ ያዩት ወይዘሮ በስምንት ወር ውስጥ መጀመሪያ የሳቁት ያን ጊዜ ነው።

ሊቀ አንፍ መነጽሩን ሰጡ፣ ጥርሱን ሰጡ። የአንገታቸው የነሐስ መስቀል ላይ ሲደርሱ ግን በመዳፋቸው ሸፈኑት፤ ከተጠመቁ ጀምሮ ካንገታቸው ወርዶ አያውቅምና። ክሩ ሳይበጠስ መስቀሉ ብቻ ወጣ፤ አባ ገብረ ማርያምም የንስሐ ልጃቸው እያየው ሊይዙት ቃል ገቡ። ስለዚህ ባለሙያዋ ወደምትቀመጥበት፣ ከመስተዋቱ በስተኋላ ወዳለው ክፍል ገቡ። ከዚህ መግባት የተነሣ የሆነውን ስሙ።

መሣሪያው ሐብታሙ እንዳለው አልነበረም። መሀሉ የተበሳ እንደ ትልቅ የወፍጮ ድንጋይ ያለ፣ በፊትም በኋላም ክፍት ነው፤ ብርሃኑም እንደ ቀን ነው። ሊቀ አንፍ በጀርባቸው ተኙ፣ አልጋው ቀስ ብሎ አስገባቸው፣ ልባቸውም ረጋ። ድንጋዩ ማጉረምረም ሲጀምር ግን አባ ገብረ ማርያም ስሜታቸው አሸነፋቸው፤ ወደ ድምፅ ማጉያው ጎንበስ ብለው "እግዚአብሔር ይማርህ፣ ልጄ" አሉ። የአባ ድምፅ ከኮርኒሱ ሲወርድ፣ ታላቅ ሰው ሲመጣ ተኝቶ መቀበልን ከእናታቸው ማሕፀን ጀምሮ የማያውቁት ስጦታው፣ በክርናቸው ተደግፈው ብድግ አሉ። "ኖር፣ አባ!"

ፎቶውም ተበላሸ። በጸደንያ ፊት ባለው ቴሌቪዥን መስኮት ላይ ሁለት አፍንጫ ታየ፤ አንዱም የሚያሸት አልነበረም።

ጸደንያ ገብታ ሁለተኛውን ዐዋጅ ነገረች፦ "ጋሼ፣ መነሣት ቀርቶ ምራቅ መዋጥም አይቻልም። ጨረሩ ጥቂት ነው፤ ጥቂትም ቢሆን በከንቱ አይደገምም። አሁን ከተንቀሳቀሱ፣ ሐኪሙ እንደገና እስኪያዝ ሌላ ቀን ይመለሳሉ።" ሊቀ አንፍ ሆሳዕናን አሰቡ፤ የቅቤ ተራውን ወንበር አሰቡ፤ የሙሐመድያሲንን ዝምታ አሰቡ። እውነቱን ግን ለራሳቸው ያውቁታል፤ አባ ከመስተዋቱ ወዲያ ቆመው ሳሉ ወገባቸው በራሱ ይነሣል። አባ ቢወጡም ከበሩ ኋላ መቆማቸው አይቀርም። ይህንንም እያፈሩ ተናገሩ።

ያን ጊዜ አባ ገብረ ማርያም ጥላቸውን መሬት ላይ ተክለው ከዐዋጆች ሁሉ የበለጠውን ዐዋጅ ነገሩ፦ "ልጄ፣ ዛሬ ብትነሣ ነው የምታዋርደኝ። ተኝተህ አክብረኝ።"

ስጦታውም ተኙ። ጆሯቸውን በላቸው፤ አላከኩም። ምራቅ መጣ፤ አልዋጡም። ዝንብ ግንባራቸው ላይ ዐርፎ እስከ ቅንድባቸው ወረደ፤ ሽፋሽፍታቸው አልተርገበገበም። ድንጋዩ አንጎራጎረ፣ አልጋው ሄደ፣ አልጋው መጣ፤ አቡነ ዘበሰማያት ሦስት ጊዜ ሳይደገም ሁሉ ነገር ተፈጸመ። ጸደንያ አልቋል ብላ ብትገባም አልተነሡም፤ አባ ራሳቸው መጥተው መስቀሉን ወደ ክሩ እስኪመልሱ ድረስ እንደ ሐውልት ተኝተው ተገኙ።

ሐኪሙም ካርታውን አነበበ። አጥንቱ ደኅና ነው፤ የአፍንጫቸውን መንገዶች ግን እንደ ወይን ዘለላ ያለ ለስላሳ ሥጋ ደፍኗቸዋል። ለጥቂት ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ሰጣቸው፤ በዚህ ካልተከፈተ በዚሁ ካርታ እየተመራ በመሣሪያ እንደሚከፍተው፣ ሽታው ግን ስለ መመለሱ አስቀድሞ ማንም ሊምል እንደማይችል ነገራቸው። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ምንም የለም። በሁለተኛው ሳምንት ዐርብ፣ ሐብታሙ ባጃጁን በደጃቸው ሲያስነሣ፣ ሊቀ አንፍ እንባ በዐይናቸው ሞልቶ "ሸተተኝ!" እያሉ ሮጠው ወጡ፤ ቤንዚን ሸቷቸዋልና። ሐብታሙ ግን ባጃጁ የተሰደበ መስሎት ሁለት ቀን አኮረፈ።

በሆሳዕና ዋዜማ ገበያው ሞላ፤ ሙሐመድያሲንም ከሞጣ መጥቶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጠ። በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ቀረበ። ሊቀ አንፍ ዐይናቸውን ጨፍነው አንድ ጊዜ ሳቡ፤ የሻጩንም ፊት አላዩም። እንዲህም ሲሉ ፈረዱ፦ "ሞራ አለበት። በጥር ባሳለፍኩትም ነበረበት፤ ያን ጊዜ አልሸተተኝም፤ ሙሐመድያሲን ሸፈነልኝ።"

ሙሐመድያሲን ተነሣ። "ኖር" አለ። ከእርሱም በኋላ ሽማግሌዎቹ፣ ሻጮቹና ገዢዎቹ፣ ሐብታሙም ከባጃጁ ወርዶ፣ ሁሉም ተነሡ፤ ሊቀ አንፍም "በእግዜር" ብለው በወንበራቸው ተቀመጡ።

ለታላላቆች ሲነሡ ለኖሩት፣ አንድ ቀን ግን ባለመነሣታቸው ለከበሩት፣ ዝንብ ላላሸነፋቸው፣ ምራቅ ላልረታቸው፣ ስሕተታቸውን በገበያ መካከል በገዛ አፋቸው ላወጡት ለሊቀ አንፍ ስጦታው ክብር ይሁን፤ አፍንጫቸውም እስከ እርጅናቸው ድረስ ክፍት ይሁን።