የማይጾመው ልጅና የሁዳዴ ወተት

ሕፃን ልጅ የላም ወተት መቼ ይጀምር ብላችሁ ፎገራ ላይ ጠይቁ እስኪ። መልስ አታጡም። ላም ያለው ሰው ሁሉ ሐኪም ነው፤ ላም የሌለው ደግሞ ላም የነበራት አያት አለችው። አንዷ "የኔ በሦስት ወሩ ጀምሮ ይኸው ዛሬ ቀንበር ይሰብራል" ትላችኋለች፤ ሌላዋ እሷን አቋርጣ የራሷን በአርባ ቀኑ ታስጀምረዋለች። ምስክር ሆኖ የሚጠራው ሁሉ በጤና ያደገው ነው። ያላደጉት መጥተው አይመሰክሩም።

እኔ ወረታ ከተማ የምኖር፣ አራት ልጅ ያሳደግሁ ሴት ነኝና በዚህ ጉዳይ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ብትሰሙኝ ትጠቀማላችሁ፤ ባትሰሙኝም መናገሬን አልተውም። የቄስ ልጅ ነኝ፤ ሰው እያንቀላፋም ስብከት እንደሚቀጥል እያየሁ ነው ያደግሁት።

ነገሩ የሆነው አምና ነው። አባቴ ቁሐር ሚካኤል የሚኖሩ፣ የሚያርሱም የሚቀድሱም ካህን ናቸው። ወንድሜና ሚስቱ የሻረግ ከእሳቸው ጋር ናቸው፤ ሁዳዴ ሲገባ የመጀመሪያ ልጃቸው ገና አራት ወሩ ነበር። ላማችን ደግሞ ጊዜ መምረጥ አታውቅምና በቅበላው ማግስት ወለደች። ጥቂት ቆይቶ ወተቱ ጓዳውን ሞላው፤ የሚጠጣው ግን የለም፤ ቤቱ በሙሉ ጾመኛ ነው። የሚናጠው ተንጦ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል፤ የቀረውስ? አባቴ ዙሪያቸውን ቃኙና ከቤተሰቡ መካከል ጾም የማይመለከተው አንድ ሰው አገኙ። እግዚአብሔር ወተቱን ለማን እንደላከው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም።

ወንድሜ ታዛዥ ነው፤ ወረታ መጥቶ ጡጦ ገዛ። የሻረግም አልከፋትም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመች ስለምታጠባ "ጡቴ አነሰው" የሚል ስጋት ነበረባት። እንዲህ እንዲህ እያለ ያ ትንሽ ልጅ የጾመኞቹን ሁሉ ድርሻ ይጠጣ ጀመር።

ጾሙ ሲጋመስ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ልጁን ሆዱ ተነፍቶ፣ ፊቱ ገርጥቶ አገኘሁት። ሲያምጥ ይውላል፤ የሚወጣውም እንደ ፍየል በጠጥ የደረቀ ነው። የሻረግ ጡቷን ስታቀርብለት ፊቱን አዞረ። ደግማ ብትሞክር ጭራሽ በእጁ ገፋት። "ጠግቦ ነው" ብላ ልትስቅ ፈለገችና ዓይኗ እንባ ሞላ። ወተቷ እየደረቀ ነበር። ደነገጥሁ፤ እኔ ስደነግጥ ደግሞ እቆጣለሁና ተቆጣሁም።

በማግስቱ እናትና ልጁን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ነርሷ ልጁን አይታ መደረግ ያለበትን አደረገችለትና ነገሩን አስረዳችን። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፤ ውኃ እንኳ አይጨመርበትም። ከዚያ ወዲያ ጡቱ ሳይቋረጥ ገንፎ ይጀምራል፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወተት ገንፎው ውስጥ ጥቂት ጠብ ቢል አይከፋም። በኩባያ እየተቀዳ የሚጠጣው ግን ዓመት ሲሞላው ነው። የላም ወተት ለሕፃን አንጀት ይከብዳል፤ ደም የሚሆነውንም ነገር አይሰጠውም። የእናት ጡት በተጠባ ቁጥር ይመለሳል፤ ብቻ እናቲቱ ትብላ፣ ትጠጣ።

ይህን ለአባቴ መንገር የእኔ ዕጣ ሆነ። ስለ ደምና ስለ አንጀት ባወራላቸው "እኛስ በምን አደግን?" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ወደሚያውቁት፣ ወደ በረቱ ወሰድኋቸው።

"አባዬ፣ ለዚች ጥጃ ድርቆሽ መቼ ነው የሚሰጧት?"

"ገና ናት እንጂ። ሆዷ መች ጸናና።"

"ድርቆሽ መጥፎ ነው እንዴ?"

"ለእናቷማ መልካም ነው" አሉ። አባቴ ሞኝ አይደሉም። ጥጃዋን ሲያሻሹ ቆዩና "ጡጦውን ጣሉት። ወተቱን እናቲቱ ትጠጣ" አሉ።

ቄስ፣ ያውም በሁዳዴ!  የሻረግ ግን እምቢ አለች። ባሏ ቢለምናት እምቢ፣ እኔ ብቆጣት እምቢ። የቄስ ምራት ሁዳዴን ገደፈች ከምትባል ሞቷን መረጠች። በኋላ አባቴ ወተቱን በኩባያ ይዘው ፊቷ ቆሙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውን ጹም ሲሉ የኖሩ ሽማግሌ ኩባያውን ራሳቸው ወደ አፏ አቀረቡላት።

"ልጄ፣ ይህ ልጅ ቢቀርብን በጾምሽው ጾም አልጽናናም። ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይቆጠር። ጠጪ።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እያለቀሰች ጠጣች። ልጁም ጡጦው ሲቀርበት አንድ ቀን ሙሉ ተነጫንጮ፣ በማግስቱ ጡቷን ያዘ። ወተቱ ለተላከለት ሰው ደረሰ ማለት ነው፤ በእናቱ በኩል ዞሮ።

ወሬው ግን መንደሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። አባቴ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ቆሙና "ምራቴን ያጠጣኋት እኔ ነኝ። የምታጠባና የደከመች ሌላም ካለች ትምጣና እንነጋገር" አሉ። ሐሜቱ እዚያው ቀረ። ልጁም ፊቱ ደም መለሰ፤ ዓመት ሲሞላው የፈላውን ወተት በኩባያ ጀመረ፤ ማንም አልተከራከረበትም።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ አባቴ ደጅ እናጠባለን ያሉ ሴቶች ተሰብስበው ጠበቋቸው። አብዛኞቹ እውነትም ልጅ ታቅፈዋል። አንዲቷን ባዶ እጇን ቢያዩዋት "ልጅሽስ?" አሏት።

"አሁን ይደርሳል አባታችን፣ ከብቶቹን ውኃ እያጠጣ ነው" አለች።