ቀይዋ ዘሐራና የአሜሪካ ቆጠራ

እናንተዬ፣ ልጁ አሜሪካ የገባችለት አባት አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚሁ ሐይቅ ከተማ የአንዱ ጎረቤት ነኝ። ጋሽ ይመር ዓሣ ነጋዴ ናቸው፤ ከደሴ አልፈው አያውቁም። ልጃቸው ዘሐራ የምትኖርበትን የአሜሪካ ገጠር ሲያወሩ ግን እትብታቸው እዚያ የተቀበረ ይመስላል።

«ካውንቲ ይባላል፤ የኛን ወረዳ በለው» ይላሉ። መሬቱ ሜዳ ነው አሉ፤ እንደ አምባሰል ዓይን የሚከልል ተራራ የለውም። ታሪኩስ? ባቡር መጣ፣ ከተማ ቆመ፤ ባቡሩ ቀረ፣ ከተማው አንቀላፋ። እስከዚህ ድረስ ገብቶኛል።

ትናንት ወደ ሕዝቡ ተሻገሩ።

«ከተማው በሙሉ ነጭ ነው። ጥቁር አንዲት ሴት ብቻ ናት ያለችው።»

ሴትዮዋ አንጀቴን በላችው። «ምስኪን! ታዲያ ዘሐራ ጠይቃት ታውቃለች?»

መቼም ዘሐራን ሐይቅ ላይ የማያውቃት የለም። ስሟ እንኳ ለብቻው ተጠርቶ አያውቅም፤ «ቀይዋ ዘሐራ» ነው የምትባለው። እናቷ ፀሐይ እንዳይነካት በነጠላ እየሸፈነች ነው ያሳደገቻት።

«እኔም እንዳንተው አዝኜ ነበር» አሉ ጋሽ ይመር። «ብቸኛ ናትና ቤትሽ ጥሪያት፣ አደራ አልኳት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«‹አባ፣ እኔው እኮ ነኝ› አለችኝ።»

እሳቸው እኔን አዩ፤ እኔም እሳቸውን አየሁ። ቀዩ የት ሄደ? አውሮፕላን ላይ ቀረ? ወይስ እዚያ ሲደርስ ይመነዘራል?

ጋሽ ይመር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወላሂ፣ እኔ የላክኋት ቀይ አድርጌ ነው።»